የሌለ ሰው ድርሻ

ወንድሜን የገደልኩት በስምንት ዓመቴ ነው። መሣሪያዬ ሁለት ቀጫጭን የመብያ እንጨቶች ነበሩ። ደም አልፈሰሰም፤ የፈሰሰው ጣፋጭ የቀይ አደንጓሬ ሾርባ ነው፣ እሱም ወደ ሆዴ። አናምንሽም ብትሉኝ አልቀየምም። በመንደራችን ዓሣ የሚያደርቁት ሴቶች «ታዙ ነጋ ካለችሽ ጨረቃዋን ፈልጊ» ይባባሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደ ምርቃት እቆጥረው ነበር።

ወንድሜ ኮሄይ ይባላል። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። ወታደር አድርገው ወደ ማንቹሪያ ሲወስዱት አራት ዓመቴ ስለነበር ከእሱ የማስታውሰው ማስነጠሱን ብቻ ነው። ሲያስነጥስ ጣሪያችን ላይ ያሉት ቁራዎች ተነሥተው እስከ ጎረቤት መንደር ይሸሹ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ የጎረቤት ልጆች ከስተው፣ ጠቁረው፣ አንድ በአንድ ተመለሱ። ኮሄይ አልተመለሰም። አባቴን ባሕር ቀደም ብሎ ወስዶታል። ስለዚህ ሌላ ሰው ቢቆጥረን በቤታችን ያለነው ሁለት ነን። እናቴ ስትቆጥር ግን ሦስት ነን፤ ያውም ሦስተኛዋ እኔ።

በየመብሉ ሰዓት እናቴ ከምድጃው አጠገብ፣ ሙቀቱ ደህና አድርጎ በሚደርስበት ቦታ፣ የኮሄይን ትንሽ ገበታ ታቀርባለች። ክዳን ያለው ጥቁር የእንጨት ሳህን አለው። ድስቱ ሲወርድ የመጀመሪያው ጭልፋ የእሱ ነው። የገብስ ገንፎም ቢሆን፣ ስኳር ድንችም ቢሆን፣ ምንም ጠፍቶ የጎመን ውሃም ቢሆን፣ መጀመሪያ ኮሄይ። ወዲያው ክዳኑን ገጠም ታደርግበትና እንጨቶቹን አስተካክላ «በርዶሃል፣ ብላ» ትለዋለች። «አንቺም ብዪ» የምትለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ስጨርስ ገበታውን ወደ ራሷ ትስባለች። ክዳኑን አንሥታ ትገለብጥና ውስጡን ታያለች። ያን ጊዜ ትከሻዋ ይረግባል፣ ከንፈሯ ፈታ ይላል። ለእኔ እንደዚያ ፈገግ ብላ አታውቅም። ከክዳኑ ውስጥ የኮሄይ ፊት የሚታያት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እኔም ገልብጬ አየሁት፤ ያለው የውሃ ጠብታ ብቻ ነው። ለውሃ ጠብታ የሚስቅ ሰው አለ? ከእኔ ተደብቆ ነው አልኩና ምላሴን አወጣሁበት።

ከዚያ የእሱን ድርሻ እሷ ትበላዋለች። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነበር፤ የሌለ ሰው ትራፊ እንኳን አይደርሰኝም! እናቴ የራሷን ሳህን መቼ እንደምትሞላ አስቤ አላውቅም። የራሷ ሳህን እንዳልነበራት የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ እኔም ወልጄ፣ አንድ ቀን ድስቱ ለሁላችን አልበቃ ብሎኝ ጭልፋውን ይዤ ስቆም።

ቂሜ በዚህ ብቻ አላበቃም። ኮሄይ የተወው ጥሩ ካፖርት አለ፤ አሳጥሪልኝ ብላት «ሲመጣ ምን ይለብሳል?» ብላ እኔን የዓሣ ጆንያ በሚመስል ነገር ትሰድደኛለች። ወታደሮችን የሚመልስ መርከብ መጣ በተባለ ቁጥር ስሙን በትልልቅ ፊደል የጻፈችበትን ነጭ ጨርቅ በዘንግ ላይ አስራ ወደ ማይዙሩ ወደብ ትሄዳለች። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። እኔን ለአባቴ እኅት ለአክስቴ ቶኩ ትተወኛለች። የእኔ ስም በጨርቅ ላይ ተጽፎ አያውቅም። የትም አልጠፋሁማ!

በዚያ ዓመት መንግሥት ሩዝ አልበቃው ብሎ በሩዝ ፋንታ ስኳር አደለ። አዋቂዎቹ ተናደዱ።

«ስኳር ሆድ ይሞላል?» አለች አክስቴ ቶኩ ጥቅሏን እያየች። «ጉንዳን አደረጉን እኮ!»

እኔ ዕድሜ ልኬን ጉንዳን ብሆን ደስታዬ ነበር። እናቴ ግን ስኳሩን በቆርቆሮ ዘግታ ጣሪያው ስር ካለው ወራጅ ላይ ሰቀለችው። «የጥር አሥራ አንድ ዕለት ሺሩኮ እሠራለሁ» አለች። ሺሩኮ ቀይ አደንጓሬ በስኳር እስኪፈርስ ተቀቅሎ፣ ሞቺ የሚባለው የተወቀጠ ሩዝ ድብልብል ተጠብሶ የሚገባበት ሾርባ ነው። ሰው ሁሉ ሲያወራለት እሰማለሁ እንጂ ጣዕሙን አላስታውሰውም፤ በጦርነቱ ጊዜ ስኳር የሚባል ነገር በሥዕል ብቻ ነበር የምናየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሌሊቱ ስኳሩ በሕልሜ ወራጁን እየጋጠ ይወርድልኝ ነበር።

ጥር አሥራ አንድ ደረሰ። በጥር መባቻ ለአዲስ ዓመት ለአማልክቱ የቀረበው ክብ ሞቺ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ያን ቀን ቢላ አይነካውም፤ በእንጨት መዶሻ ይሰበራል። እናቴ መዶሻውን ሰጠችኝ። አንዴ ስመታው ቤቱ ተናወጠ፤ ሁለቴ ስመታው ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ፤ በሦስተኛው ተሰነጠቀ። ሻጋታውን ፍቀን ስናበቃ የሚረባ ቁራጭ ሦስት ወጣው።

አደንጓሬው ከማለዳ ጀምሮ ይፈላ ነበር። የመጀመሪያውን ውሃ ደፍታ፣ ሁለተኛ ጨምራ፣ ቆዳው እስኪፈነዳ ጠበቀችው። ከዚያ ስኳሩ ገባ። ሽታው አፍንጫዬን ይዞ እየጎተተ ድስቱ ላይ ሊያስተኛኝ ደረሰ። መጨረሻ ላይ እናቴ በጣቶቿ ጫፍ ጨው ቆንጥራ በተነችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው! ልታበላሺው ነው!»

«ጣፋጭነቱ እንዲሰማሽ ነው፣ አንቺ ሞኝ።»

ሞቺዎቹ ፍሙ ላይ እንደ እንቁራሪት ጉንጭ ተነፉ። እናቴ የመጀመሪያውን ጭልፋ ገና ሲንተከተክ በኮሄይ ሳህን ገለበጠችው። አንድ ሞቺ ከተተች። ደገመችና ሌላ ከተተች። ክዳኑን ገጠመችው። ለእኔ አንድ።

«ለምን ሁለት?»

«ይርበዋል።»

«እኔስ አይርበኝም?»

«አንቺ እቤትሽ ነሽ» አለችኝ።

ይሄ መልስ ነው? እቤቴ በመሆኔ የምቀጣ መሰለኝ። የመጀመሪያው ጭልፋም ከሁሉ የሚጣፍጠው ስለሆነ ለእሱ የምትሰጠው ነበር የሚመስለኝ። ካረጀች በኋላ አንድ ቀን ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ «የመጀመሪያው ጭልፋ ከሁሉ ትኩሱ ነው፤ ክዳኑ ሳያልበው አይቀርም» አለችኝ፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ቀና ብላም አላየችኝም።

የእኔን በሦስት ጉርሻ ጨረስኩት። ሳህኑን ላስኩት፣ ጣቴን ላስኩት፣ የሳህኑን ቂጥ ላስኩት። ያን ጊዜ አክስቴ ቶኩ ከደጅ ጮኸች።

«ሚኔ! ኧረ ሚኔ! በረዶው የጎተራዬን በር ዘጋብኝ፣ አካፋሽን ይዘሽ ነይ!»

እናቴ ጫማዋን እያጠለቀች ወጣች። እኔና የኮሄይ ሳህን ብቻችንን ቀረን። ከግድግዳው ወዲያ አካፋው ሲፍቅና ሁለቱ ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ባሕሩ ሳይቀዘቅዝ ስንት መርከብ መጣ?»

«አሥራ አንድ።»

«በአሥራ አንዱም የለም።»

«በአሥራ ሁለተኛው ይመጣል፣ እትዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ ነፍሱን በሰው አገር በረዶ ላይ አታንከራትቻት። መነኩሴውን እንጥራና በሥርዓት እናሳርፈው።»

«ክዳኑ ያልበዋል፣ እትዬ ቶኩ። ዛሬ ጠዋትም አልቦታል።»

ስለ ክዳንና ስለ ላብ የተባለውን የድስት ወሬ ነው ብዬ አለፍኩት። ጆሮዬ የያዘው «ይመጣል» የሚለውን ነው። ሳይኖር ሁለት ሞቺ የሚበላ ሰው በአካሉ፣ ከነሆዱ ሲመጣ ስንት ሊበላ ነው? በአራተኛው ቀን እኔንም ጠብሶ ይበላኛል! ቆይቼም አላሰብኩ፤ ክዳኑን ከፈትኩና ጀመርኩ።

ሾርባውን በሁለት ትንፋሽ ጨለጥኩት። አንዱ ሞቺ ገባ። ሁለተኛው ግማሹ ላይ ጉሮሮዬ አልቀበልም አለኝ። ሰው በቅናት ሲበላ ሆዱ ሳይሞላ ነው የሚጠግበው። የተረፈውን ግማሽ ከጫማ መደርደሪያው ጀርባ ወሸቅኩት። አሁን ባዶው ሳህን ቀረ። የድስቱን ቂጥ በበረዶ ውሃ አለቅልቄ አደንጓሬ የሚመስል እጣቢ አወጣሁና እስከ አፉ ሞላሁት። በጥድፊያዬ ክዳኑ ከእጄ አምልጦ አመዱ ውስጥ ተንከባለለ። በእጅጌዬ ውስጡንም ላዩንም ወለወልኩት፤ እንደ አዲስ እስኪያበራ። ገጠምኩት። በሥራዬ ኮራሁ። ሌባ ሆኖ እንደ እኔ ንጹሕ ማን አለ?

እናቴ በረዶዋን አራግፋ ገባች። ገበታውን ወደ ራሷ ሳበች። ክዳኑን አነሣች፣ ገለበጠችው።

ሳህኑን አላየችም። አንዴም አላየችውም። ክዳኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው፣ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ጣቷን አየችው። ከዚያ ክዳኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። አሁን ልትገርፈኝ አርጩሜ ልትቆርጥ ነው ብዬ እጣቢውን በጓሮ በር በረዶው ላይ ደፋሁት። አርጩሜ አልመጣም። የመጣችው አክስቴ ቶኩ ናት፤ እናቴን በክንዷ ደግፋ።

«ጥር አሥራ ስድስት ቀን ይሁን» አለች እናቴ። «መነኩሴውን ጥሪያቸው።»

«ይሻልሻል፣ እኅቴ። ይሻልሻል።»

ያን ማታ የኮሄይ ገበታ አልቀረበም። በማግሥቱም። የመጀመሪያው ጭልፋ ለእኔ ሆነ! ከምድጃው አጠገብ ያለውን ቦታ ያዝኩ። ካፖርቱንም አውርዳ እንደ ብርድ ልብስ ደረበችብኝ። እጄን ወደ እጅጌው ሳስገባ መውጫው እስኪጠፋኝ ድረስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ንጉሠ ነገሥት ነበርኩ። እናቴ ምግብ አለመቅመሷን አላየሁም። ያየሁት ገበታው አለመኖሩን ነው። መነኩሴ የሚመጣው ለድግስ ነው ብዬም ለጎረቤት ልጆች ሁሉ «ጥር አሥራ ስድስት ቀን ቤታችን ግብዣ አለ፣ አንዳችሁም አልተጠራችሁም» አልኳቸው።

ጥር አሥራ አምስት ቀን አክስቴ ቶኩ ቤት ለማግሥቱ የሚሆን አትክልት እየላጥን እዘፍን ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያዘፍንሻል? ወንድምሽ ሞቶ!»

«ማን አለ? ደብዳቤ መጣ?»

«ክዳኑ ነዋ። ደርቆ ተገኘ አይደል? የሄደ ሰው በሕይወት ካለ የሳህኑ ክዳን ውስጡን ያልበዋል። ከሞተ ይደርቃል። እናትሽ አራት ዓመት ሙሉ በቀን ሦስቴ የምታየው ምን መስሎሻል?»

እጄን አየሁት። ከዚያ እጅጌዬን። እንዴት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ በልጅነቴ የሚገባኝ ነገር ሁሉ ወዲያው ነበር የሚገባኝ። ኮሄይ የሆነ አገር በረዶ ላይ እየተራመደ ነበር። ሁለት ሞቺ ሆዱ ውስጥ ሊገባ ሲል እኔ ነጠቅሁት። ጉልበቱ ከዳው። እኔ ክዳኑን ወልወል ሳደርግ እሱ ክንብል አለ። ያስነጠሰም መሰለኝ።

እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ የኮሄይን ፎቶግራፍ በጨርቅ እየጠረገች ነበር።

«እማዬ፣ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ፣ ታዙ።»

«ሺሩኮውን በላሁበት! ክዳኑን በእጅጌዬ ወለወልኩት! አልቦት ነበር እኮ፣ እኔ ነኝ ያደረቅኩት!»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ሰው ዓይን ነው።

«ልታጽናኚኝ ነው። ደግ ነሽ። ግን ሳህኑ ሙሉ ነበር።»

«እጣቢ ነው! የድስቱ እጣቢ ነው የሞላሁት!»

«ባለፈው ወር ዓሣ ነባሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ ብለሽኝ ነበር።»

«ዓሣ ነባሪው እውነት ነው!» አልኩ።

ይህን ማለት አልነበረብኝም። እናቴ ወደ ፎቶግራፉ ተመለሰች።

በሕይወቴ የመጀመሪያውን እውነት ተናግሬ የሚገዛኝ አጣሁ። ለአክስቴ ነገርኳት፤ «እናትሽን አታድክሚያት» ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። በማግሥቱ ጠዋት አክስቴ መነኩሴውን ልታመጣ ወደ ቤተ መቅደስ ሄደች። እናቴ ዕጣን አቀረበች፣ ጥቁር ልብሷን ለበሰች። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። አፍንጫዬን ለመጥረግ ጎንበስ ስል የጫማ መደርደሪያው ከፊቴ ነው። ያን ጊዜ ነው የበራልኝ።

እጄን ከጀርባው ከተትኩ። ግማሹ ሞቺ አለ! በውርጩ እንደ ጠጠር ደርቋል፣ አደንጓሬው ላዩ ላይ ተጣብቋል። አይጦች እንኳን አልደረሱበትም። ይዤ ገባሁና ከእናቴ ጉልበት ላይ አኖርኩት።

እናቴ አነሣችው። ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ክዳኑን እንዳዞረችው። የተነከሰበት ቦታ መሃሉ ላይ ሁለት ጥርስ ይጎድለዋል።

«አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

ከፈትኩ። የፊት ሁለት ጥርሶቼ በዚያ ወቅት ወልቀው ነበር። ሞቺውን ወደ አፌ አስጠጋችው። እንደ ቁልፍና ቀዳዳው ገጠመ።

ጥፊውን ስጠብቅ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በላሽው?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ይቺ ስትቀር።»

«ክዳኑንስ? ጠረግሽው?»

«በዚህ እጅጌ።»

እጅጌዬን ያዘችው። ያንን በአመድና በንፍጥ የደረቀ ጨርቅ ፊቷ ላይ ለጥፋ ሽታውን ሳበችው። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ሳይ ትስቃለች፤ ደግሞ ሳይ ታለቅሳለች።

ወረቀቱ የመጣው ከዚያ ቀን በኋላ በስምንተኛው ዓመት ነው። ቀኑና ቦታው ተጽፎበታል። ኮሄይ ሳይቤሪያ ውስጥ የሞተው ያንን ሺሩኮ ከመቀቀላችን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። በቀን ሦስቴ ያልበው የነበረው ክዳን የሾርባውን ትኩሳት እንጂ ሌላ ምንም አያውቅም። ኮሄይ ከሞተ ወዲህ እውነቱን የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያንንም ያናገርኩት እኔ ነኝ፤ መልሼ ያስዋሸሁትም እኔ ነኝ። በኑዛዜዬ ለእናቴ ስምንት ዓመት ሰጠኋት ወይስ ነጠቅኋት? ይህን ሒሳብ የሚሠራ ሰው አላገኘሁም። እኔም ትምህርቴ እስከዚያ አያደርሰኝም።

ያን ጠዋት ግን እናቴ ብድግ ብላ እጄን ያዘችና በጥቁር ልብሷ በረዶው ላይ ወጣች። ትሮጣለች ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በረረች። እኔ ከኋላዋ በክር እንደሚበር የወረቀት ካይት ተንሳፈፍኩ።

የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ዓሣ አድራቂዎቹ ነበሩ።

«አለ!» አለቻቸው። «ኮሄይ አለ! ክዳኑ አልደረቀም!»

ወደሚቀጥለው። «ልጄ አለ!» አንኳኳች። አሮጊቷ ብቅ ስትል «ልጄ በሕይወት አለ፣ እማማ!» አለቻት። አሮጊቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሰው ከየቤቱ ወጣ። በየደጁ ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄ። ሰባት ደጃፍ ቆጠርኩ። በሰባቱም ልጇ አንድ ብቻ ነው።

ወደ ቤተ መቅደስ የሚያወጣው መንገድ ላይ መነኩሴውና አክስቴ ቶኩ እየወረዱ አገኘናቸው። መነኩሴው ጃንጥላ ይዘዋል።

«አባ፣ ይመለሱ! ልጄ አለ!»

«ሚኔ፣ ምን ሆንሽ?» አለች አክስቴ። «ምን ተገኘ?»

«ሺሩኮው ተበልቶ ነው እትዬ! ክዳኑ አልቦት ነበር፣ ተጠርጎ ነው! ኮሄይ ይመጣል!»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ገዳዩ እኔ፣ ከሞት ያስነሣሁት እኔ፣ ጥርሴን ያስለካሁት እኔ፣ ስሙ የሚጠራው ግን የእሱ! የእናቴን እጅጌ በሁለት እጄ ጎተትኩ።

«የበላሁት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ በያቸው! አንድ ከግማሽ ሞቺ በልቻለሁ!»

መነኩሴው ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ጃንጥላቸውም ተንሸራተተ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችኝ። ክዳን እንደምታይ ሳይሆን፣ ጠፍቶ እንደተገኘ ዕቃ። ከፊቴ ወደ ታች ወረደችና እግሬን አየች፤ በካልሲ ብቻ ነበር የወጣሁት፣ እሱም ረጥቧል።

«አዎ» አለች። «የበላችው ታዙ ናት።»

ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ በረዶው ላይ ቁጢጥ አለች።

«ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

ወጣሁ። ተነሣች፤ ወደ ቤት ዞርን። በስምንት ዓመቴ ከባድ ነበርኩ፣ እሷም አምስት ቀን ምግብ አልቀመሰችም፤ አንዴም አላወረደችኝም። በየደጁ የቆሙት ሰዎች ያዩናል። የእናቴ ጀርባ ጠባብ ነው፤ ከአንድ ሰው በላይ አይዝም። ቢሆንም ማን እንደሚመጣ አይታወቅም ብዬ ቤት እስክንደርስ ድረስ ክንዴንም እግሬንም በሁለቱም በኩል ዘርግቼ ያዝኩት።